«እንጨት ፍለጥ፣ ውሃ ቅዳ»፦ የዜን አባባሉ አመጣጥና ትርጓሜ

«ከመንቃትህ በፊት እንጨት ፍለጥ፣ ውሃ ቅዳ፤ ከነቃህ በኋላም እንጨት ፍለጥ፣ ውሃ ቅዳ።» ይህ የዜን ቡድሂዝም (ተመስጦን የሚያስቀድመው የቡድሂዝም ዘርፍ) አባባል፣ «መንቃት» ሲል የእንቅልፉን ሳይሆን እውነትን ማየትን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈታው «ሰው የቱንም ያህል ቢበስል ሥራ አይቀርለትም» ተብሎ ነው። ፍቺው ስህተት የለበትም፤ ግን ከዳር የቆመ ነው። አባባሉ የተገኘበት የቻይና ግጥም ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገር ይናገራል። ሰው ለተመስጦ ሲቀመጥ ሐሳቡን የሚይዝበት መንገድና እጁ ሥራ ላይ ሳለ ሥራውን የሚይዝበት መንገድ አንድ ነው። በአንዱ የሚቸኩል በሌላውም ይቸኩላል፤ በአንዱ የተማረውንም ትዕግሥት በሌላው ያገኘዋል።

ግጥሙ የፓንግ ዩን ነው። ፓንግ (እ.ኤ.አ. ከ740 እስከ 808 ገደማ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቻይና የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረ ሰው ሲሆን መነኩሴ አልነበረም፤ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ትውፊቱ ንብረቱን ጀልባ ላይ ጭኖ እንዳሰጠመና ከዚያ በኋላ ከልጁ ከሊንግጃኦ ጋር የቀርከሃ ዕቃ እየሸጡ እንደኖሩ ይተርካል። የተማረው በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት ከዜን መምህራኑ ከሺቶው ሺችየንና ከማዙ ዳኦዪ ዘንድ ነው። ሺቶው አንድ ቀን «ከተገናኘን ወዲህ የዕለት ሥራህ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ፓንግ የመለሰው በግጥም ሲሆን ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የዕለት ሥራዬ ልዩ ነገር የለውም፤ ተስማምቼው እውላለሁ። አንዱን መርጬ አልይዝም፣ ሌላውን ጠልቼ አልጥልም፤ የትም ብሆን የምጋጨው የለኝም። ተአምራዊ ኃይሌና ድንቅ ሥራዬ ውሃ መቅዳትና እንጨት መሸከም ነው።

የመጨረሻዋ መስመር በዚያ ዘመን ምን ያህል ደፋር እንደነበረች ማስተዋል ያስፈልጋል። በቡድሂስት ትውፊት፣ በተመስጦ እጅግ የገፋ ሰው በአየር መሄድ፣ የሩቁን መስማት፣ የሌላውን ልብ ማወቅ ይችላል ተብሎ ይታመናል። ፓንግ እንግዲህ ሌሎች ያንን ተአምር በሚጠብቁበት ቦታ ባልዲና ሸክም አስቀመጠ።

በዚህ ግጥም ውስጥ «በፊት» እና «በኋላ» የሚባል ነገር የለም። ዛሬ የምንሰማው ባለ ሁለት ክፍል አባባል ኋላ የተቀናበረ ነው። ለአፍ የሚመች ቢሆንም ጉዳት አለው። ሰሚው ሕይወቱን «ገና ያልነቃሁበት» እና «አንድ ቀን የምነቃበት» ብሎ ለሁለት ይከፍልና ዛሬ የያዘውን ሥራ እንደ መጠበቂያ ያየዋል። ግጥሙ ግን የሚያወራው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ቁልፉም ብዙዎች የሚዘሉት መካከለኛው መስመር ነው፦ አንዱን መርጬ አልይዝም፣ ሌላውን ጠልቼ አልጥልም።

ለምን ውሃና እንጨት? በጥንቱ የቡድሂስት መነኮሳት ሥርዓት መሬት መቆፈር የተከለከለ ሲሆን መነኩሴው የሚኖረው በምጽዋት ነበር። በቻይና ተራሮች ላይ የተመሠረቱት ገዳማት ግን ቀስ በቀስ በራሳቸው ጉልበት መኖር ጀመሩ። በ814 ያረፈው ባይጃንግ ኋይሃይ የማዙ ደቀ መዝሙር ነበር። ሲያረጅ ተማሪዎቹ እንዲያርፍ ብለው የሥራ መሣሪያውን ደበቁበት፤ እርሱም ምግብ አልቀምስም አለ። «ያልሠራሁበት ቀን ያልበላሁበት ቀን ነው» የሚለው ቃሉ እስካሁን ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ በዜን ቤቶች መጥረግ፣ መቆፈርና ማብሰል ከመቀመጡ እኩል የልምምድ ክፍል ናቸው። በ1223 ከጃፓን ወደ ቻይና የተሻገረው መነኩሴ ዶገን በትያንቶንግ ገዳም ባርኔጣ ሳያደርግ በቀትር ፀሐይ እንጉዳይ የሚያሰጣ የ68 ዓመት ወጥ ቤት አገኘ። «ለምን ረዳት አታዝም?» ቢለው «ሌላው ሰው እኔ አይደለም» አለው። «ታዲያ ፀሐዩ እንዲህ ሲበረታ ለምን?» ቢለው ደግሞ «መቼ ልጠብቅ?» ሲል መለሰለት። ዶገን በ1237 ለገዳም ወጥ ቤቶች ብቻ የሚሆን መመሪያ ጽፏል።

ሐሳቡ ቻይና የወለደችው ብቻ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ የነበሩት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በፓሊ የተጻፉት የቡድሂዝም ትምህርቶችም ልብን ማስተዋል ላይ ማቆየትን የሚያዙት ሲቀመጡ ብቻ ሳይሆን ሲሄዱ፣ ሲቆሙና ሲተኙ፣ ክንድ ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ ሲበሉና ሲጠጡ፣ መጸዳጃ ቤትም ሲገቡ ነው።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። መሠረቱ መቀመጥ ነው። ለጀማሪ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ወንበር ላይ ከሆነ ሁለቱ እግሮች መሬት ይርገጡ፣ ጀርባ ከመደገፊያው ትንሽ ይራቅ፤ መሬት ላይ ከሆነ ዳሌ ከጉልበት ከፍ እንዲል ጠንካራ ትራስ ይደረግ። ከዚያ ትንፋሽ ሲወጣ መቁጠር ነው፦ ከ1 እስከ 10፣ ከዚያ እንደገና ከ1። ቁጥሩ ከጠፋ ሳይማረሩ ወደ 1 መመለስ። ሥራው ይኸው ነው፤ የሚበላሽበት መንገድ ግን ብዙ ነው፣ የሚያስተምረውም ብልሽቱ ነው።

ቁጥሩ 10 ላይ ሳይቆም 14፣ 15 ሲደርስ፣ ምላስ እየቆጠረ ልብ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። በር ቆልፎ ወጥቶ «ቆለፍኩ ወይስ አልቆለፍኩም?» የሚያሰኘውም ይኸው ልማድ ነው፤ እጅ ሲሠራ ሰውየው እዚያ አልነበረም። ሌላው ትንፋሹን እያስረዘመና እየጎተተ «በደንብ» ሊተነፍስ ይሞክራል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረቱ ይጠብቃል፣ ራሱ ይከብደዋል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራን ለሌላ ሰጥቶ ዝም ማለት የሚቸገር ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱም በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ነገሩ በራሱ አካሄድ ሲሄድ ማየት። ሦስተኛው የማብቂያውን ደወል ይጠብቃል። ሳህን የሚያጥበው ሳህኑን ለመጨረስ፣ የሰው ንግግር የሚሰማውም ተራው እስኪደርሰው ነው። የሚያንቀላፋ ደግሞ አስቀድሞ የእንቅልፉን ሰዓት ይፈትሽ፤ ድካምን በልምምድ ማሸነፍ አይቻልም። በቂ ተኝቶም ካንቀላፋ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ከፊቱ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውን ወለል ይይ።

ጉልበት ሲያም ሁለት ነገር አለ፦ ሕመሙና «ይሄ መኖር አልነበረበትም» የሚለው እምቢታ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ መንጋጋ ሲነከስ፣ ትከሻ ሲነሣ፣ ትንፋሽ ሲያዝ ይታያል። የሚጠሉት ሥራ ፊት የሚቀርበውም ፊት ይኸው ነው። ጥንቃቄ ግን አይቅር፦ እግር መደንዘዝ የተለመደ ነው፣ ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ስለታም ሕመም ግን አቀማመጥ ወዲያው የሚለወጥበት እንጂ የሚታገሡት አይደለም።

ከተቀመጡበት መነሣት የተናቀ ሰዓት ነው፤ አብዛኛው የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። 20 ደቂቃ ተቀምጦ ደወሉ እንደጮኸ ስልክ የሚያነሣ ሰው የሰበሰበውን በአንድ ትንፋሽ ይበትነዋል። በዜን አዳራሾች 40 ደቂቃ ያህል ከተቀመጡ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል የሚሄዱት ስለዚህ ነው፤ ሶቶ በሚባለው የዜን ክፍል በአንድ ሙሉ ትንፋሽ ግማሽ እርምጃ ብቻ ይራመዳሉ። ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ከደወሉ በኋላ 1 ደቂቃ ባለበት መቆየት፣ በዝግታ መነሣት፣ 10 እርምጃ መሄድ፣ ከዚያም ስልክ ከመንካት በፊት አንድ የእጅ ሥራ መሥራት ይበቃል።

የእጅ ሥራው በየቀኑ የሚደገም፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድና አደጋ የሌለበት ይሁን። ዕቃ ማጠብ ጥሩ ነው። ከመጀመር በፊት ሁለቱ እግሮች መሬት መርገጣቸውን ይወቁ፣ ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ያስወጡ። ከዚያ የውሃውን ሙቀት፣ የሳህኑን ክብደት፣ ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ልብ ይበሉ። አንድ ሳህን እስኪያልቅ ዓይን ወደሚቀጥለው አይሂድ። ልብ ሲሄድ ወደ እጅ መመለስ፤ ወደ 1 እንደመመለስ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ እጅን አድርቆ፣ ሌላ ነገር ከመያዝ በፊት ለአንድ ትንፋሽ መቆም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የበዛው ስህተት ሆን ብሎ መንቀርፈፍ ነው። የሚንቀረፈፍ ሰው ሳህኑን ትቶ «በተመስጦ የሚያጥብ» ራሱን መመልከት ይጀምራል። ፍጥነቱ የተለመደው ይሁን። «አጥባለሁ፣ አለቀልቃለሁ» እያሉ በልብ መሰየም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሬ ይሆናል። ሌላው ደስ የሚለውን ሥራ ብቻ መምረጥ ነው። ይህ የፓንግን መካከለኛ መስመር በቀጥታ ይጥሳል፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጠሉትን አንድ ሥራ መጨመር ይገባል። መኪና ሲነዱ ግን ትንፋሽ አይቆጠርም፤ ልብ መንገዱ ላይ ይሁን።

«እኔ ተመስጦዬ ሥራዬ ነው» ብሎ መቀመጡን የሚተውም አለ። ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ሥራ ልብን በራሱ ይስባል፣ ሰውየውም ልቡ እንዴት እንደሚሸሽ ሳያይ ይውላል። በዝምታ ሲቀመጥ ግን የሚደገፈው ነገር ስለሌለ ሽሽቱ ፊት ለፊት ይታያል። በተቃራኒው የሚቀመጥ ብቻ፣ ያገኘው ጸጥታ በመጀመሪያው የሚያናድድ ቃል ለምን እንደሚጠፋ አይገባውም። ጃፓናዊው መምህር ሐኩዊን (ከ1686 እስከ 1769) በእንቅስቃሴ መካከል የሚደረገውን ልምምድ በጸጥታ ከሚደረገው እጅግ አብልጦ ያወድስ ነበር፤ ተማሪዎቹን ግን ከመቀመጥ አላሰናበተም።

አባባሉን ለደከመ ሠራተኛ «ዝም ብለህ ሥራ» ለማለት መጠቀምም ተገቢ አይደለም። ፓንግ ኑሮውን የመረጠው ራሱ ነው፤ ተሸክሞ የዘመረውም ሌላ ሰው የጫነበትን በደል አልነበረም። ያላግባብ የሚጫን ሥራ መልሱ ውል፣ ንግግርና መብት ነው።

ዓይን ጨፍኖ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይስማማው ሰውም አለ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ወይም በድንገተኛ ፍርሃት የሚቸገር ሰው ትንፋሹን ሲከታተል ልቡ ሊመታ፣ የቆየ ትዝታ ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ያን ጊዜ መጽናት አይገባም። ዓይን መክፈት፣ መነሣት፣ በእጅ አንድ ነገር መያዝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገልብጥና ከሥራው ይጀምር፦ ዓይን ተከፍቶ፣ ለ5 ደቂቃ፣ መጥረግ ወይም ማጠብ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከተስማማው፣ ከሥራው በኋላ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የእጁን ሙቀት እየተሰማው 2 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ትንፋሹን አይነካካ። ፍርሃቱ ከተመለሰ ወደ ሥራው ብቻ ይመለስ፤ ከበረታበትም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክር።