ፈጣን ሁሉ ሪሲቨር አይደለም

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ጨዋታ በተከፈተበት ቤት ሁሉ ይህች ነገር ትነሳለች፦ «ይሄማ ሩጫ ነው። ከእኛ ልጆች አንዱን ፈጣን ቢወስዱት ጉድ ይሠራ ነበር!» ቴሌቪዥኑም ስህተቱን ያባብሰዋል። ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ስለሆነ ዋይድ ሪሲቨሩ፣ ማለትም ከዳር ቆሞ ኳርተርባኩ የሚወረውርለትን የሚቀበለው ተጫዋች፣ የሚታየው ኳስ ይዞ ሲሮጥ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁለት ሦስት ሰከንድ ግን ዋናው ሥራ ነው፤ እሱን የሚያይ የለም።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ እንለፋቸው።

«ቁመት ያስፈልገዋል።» ሪሲቨሩ ስቲቭ ስሚዝ 1.75 ሜትር ነበር፤ በያዛቸው ኳሶች 14,731 ያርድ (አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው) አስመዝግቦ ነው ጫማውን የሰቀለው።

«ከሃይስኩል በቀጥታ ይገባል።» አይገባም። ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ለሚመርጡበት ምርጫ፣ አይቀርብም።

«ጓንቱ ነው የሚይዝለት።» ጓንት ያግዛል፤ የሚያጣብቀው ቅባት ግን ከ1981 ጀምሮ የተከለከለ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የሚይዘው የእጅ አቀማመጥ ነው። ኳሷ ከደረት በላይ ከመጣች አውራ ጣቶች ይገናኛሉ፣ ከወገብ በታች ከመጣች ትንንሽ ጣቶች። ኳሷን እስከ መዳፉ በዓይኑ ያልሸኛትን ሰው ምንም ጓንት አያድነውም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ የ100 ሜትሩን ወርቅ የወሰደው ቦብ ሄይስ ነበር። በ1968 ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ሲያሸንፍ ደግሞ የ100 ሜትሩ ባለ ድል ጂም ሃይንስ ሆነ፤ ሰዓቱ 9.95። ሁለቱም ወደ አሜሪካን ፉትቦል ገቡ። ሄይስ ከ1965 ጀምሮ ለዳላስ ካውቦይስ ተጫውቶ 71 ታችዳውን (ኳሷን እስከ ተጋጣሚው መጨረሻ ክልል አድርሶ ነጥብ ማስቆጠር) ተቀበለ። አንድ ተከላካይ ብቻውን አልችለው ስላለ ቡድኖች ሜዳውን ተከፋፍለው እንዲጠብቁት አስገደዳቸው፤ በ2009ም የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ሃይንስ በ1969 ለማያሚ ዶልፊንስ የያዘው ሁለት ኳስ ነው፣ 23 ያርድ። በሙያ ዘመኑ ሁሉ ከዚያ ሌላ አልያዘም። ሁለቱም በዘመናቸው የዓለም ፈጣን ሰዎች ነበሩ፤ ልዩነቱ ሄይስ በኮሌጅም ኳስ ተጫዋች መሆኑ ነው።

የድሮ ነገር ነው የሚል ካለ፣ የ2017 ድራፍት አለለት። ጆን ሮስ 40 ያርድን በ4.22 ሰከንድ ሮጠ፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ሲንሲናቲ በዘጠነኛነት መረጠው። ኩፐር ከፕ በ4.62 ሮጦ 69ኛ ተመረጠ። በ40 ያርድ ላይ ይህ ልዩነት ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በዓይን ሲታይ ውርደት ነው። ሮስ በመጀመሪያ ዓመቱ አንድም ኳስ አልያዘም፤ በአራት ዓመት የሲንሲናቲ ቆይታው 51 ያዘ (ጉዳትም ፋታ አልሰጠውም፣ ይህ መባል አለበት)። ከፕ በ2021 ብቻ 145 ኳስ፣ 1,947 ያርድና 16 ታችዳውን አስመዘገበ፤ በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውሉን፣ አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ተባለ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ሪሲቨር የሚሮጠው «ሩት» የሚባል የተለካ መንገድ ነው። ብዙ ቡድኖች ሩቶቹን በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ በተለመደው አቆጣጠር ተጋማሾቹ ወደ ሜዳው መሃል፣ ኢ-ተጋማሾቹ ወደ ጠርዝ ይታጠፋሉ። 9 ቁጥር ብቻ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል፤ አጭር ርቀት ሯጭ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው እሱን ብቻ ነው። ለሌሎቹ የሚያስፈልገው መቆም ነው። ኮርል የሚባለውን ውሰዱ፦ 12 ያርድ ሙሉ በሙሉ ሮጦ፣ ወደ 10 ተመልሶ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ ማዞር። ጎበዙ ዳሌውን ዝቅ፣ ደረቱን ወደ ጣቶቹ ደፋ አድርጎ በሁለት ሦስት አጭር እርምጃ ይቆማል። ሯጩ ግን ቀና ብሎ፣ እርምጃውን አርዝሞ፣ በተረከዙ ነው የሚያቆመው። አምስት እርምጃ ይፈጅበታል፣ ወይ ያንሸራትተዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጀርባው ቀና ሲል ተከላካዩ «ሊቆም ነው» ብሎ ቀድሞት ይመጣል።

ኳርተርባኩ ኳሷን የሚለቃት ሪሲቨሩ ከመዞሩ በፊት መሆኑን አትርሱ። የሚወረውረው ለቦታው ነው፣ ለሰውዬው አይደለም። 12 ላይ መዞር የነበረበት 10 ላይ ከዞረ ኳሷ ባዶ ሜዳ ላይ ታርፋለች፣ ወይም ተከላካዩ ይይዛታል። ተመልካቹ ኳርተርባኩን ይሳደባል።

አነሳሱም እንዲሁ ነው። ከ1978 ጀምሮ ተከላካይ ሪሲቨሩን መግፋትና ማገድ የሚችለው እስከ አምስት ያርድ ብቻ ነው፤ በዚያ አምስት ያርድ ውስጥ ግን ግማሽ ሰከንድ ካዘገየው ሩቱ ሞቷል። ስለዚህ ክብደት በፊተኛው እግር ላይ ይሆናል፤ የመጀመሪያው እርምጃ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም (ጀማሪ ሁሉ ወደኋላ ይረግጣል)። የተከላካዩ እጅ ሲመጣ በእጅ አንጓው ላይ መትቶ ማስወገድ፣ አልፎም ወዲያው ከፊቱ ገብቶ መንገዱን መዝጋት ነው። ከጎኑ ሲሮጥ የቀረ ጠርዝ ላይ ተገፍቶ ያልቃል። ልጃችሁ አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ ይህን ቦታ የሚጫወት ከሆነ ለ40 ያርድ ሰዓት አሠልጣኝ ከመቅጠራችሁ በፊት መቆምን አስተምሩት። የትምህርት ውጤቱንም ተከታተሉ፦ በኮሌጅ የመጀመሪያው ዲቪዥን ለመጫወት 16 ዋና ዋና ኮርሶችና ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ይጠየቃል።

«ሰማንያ ሚሊዮን ፈረመ፣ አለፈለት።» ይህም ያናድዳል። በጋዜጣ የሚወጣው አኃዝ ጣሪያው ነው፤ መጠየቅ ያለበት «ዋስትና ያለው ስንቱ ነው?» የሚለው ነው። እንበል ውሉ ለአራት ዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር፣ ዋስትናው 35 ሚሊዮን ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ካሰናበቱት የቀረው ወረቀት ላይ ይቀራል። ወኪሉ እስከ 3 በመቶ ይወስዳል። ግብሩ ደግሞ ቤቱ ባለበት ስቴት ብቻ አያበቃም፤ ተጉዞ የተጫወተባቸው ስቴቶችም ድርሻቸውን ይቆርጣሉ። ካሊፎርኒያ ከፍተኛው እርከን ከ13 በመቶ ያልፋል፤ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ምንም አይቆርጡም።

እንዲህ ያለ ውል የሚፈርሙት ደግሞ ጥቂቶቹ ናቸው። በ2025 የጀማሪ ዝቅተኛ ደመወዝ 840,000 ዶላር ነበር፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ በቡድኑ የ53 ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ለቆየ። ከዝርዝሩ ውጭ በልምምድ ቡድን ያለው በዚያው ዓመት በሳምንት ቢያንስ 13,000 ያገኝ ነበር፤ ነገ «ሂድ» ሊባል ይችላል።

«ኳስ ካልያዘ ምን ይሠራል?» ማቲው ስሌተርን ጠይቁ። በስም ዝርዝር ሪሲቨር ተብሎ ለኒው ኢንግላንድ 16 ዓመት ሲጫወት የያዘው አንድ ኳስ ነው፣ 46 ያርድ። ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ግን አሥር ጊዜ ተመርጧል። ሥራው ቡድኑ ኳሷን በእግር ለተጋጣሚ ሲለጋ ከዳር ተነስቶ፣ ሁለት ሰው እየጎተተው፣ ተቀባዩን መጣል ነበር። ከ53ቱ ውስጥ ለሪሲቨር የሚተርፈው ቦታ አምስት ወይም ስድስት ነው። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች የሚፎካከሩትን አሠልጣኙ የሚለያቸው በዚህ ሩጫ ነው፤ በሠፈር ሲወራ ግን ማንም አያነሳውም።