ጫት ማቆም ስንት ብር ያተርፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ይሁን ባቲ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ከብዙ ሰው ኪስ ብር ይወጣል። ስንት እንደሚወጣ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግን ከሒሳቡ ጋር እምብዛም አይገጥምም። እዚህ የተቀመጡት ዋጋዎች ለማስያ ብቻ ናቸው፤ በራስዎ ዋጋ ተክተው ይደምሩ።

«ወጪዬ የጫቱ ብቻ ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጫት ብቻውን አይቃምም። የ200 ብር ጫት ይዞ ለተቀመጠ ሰው ውሃ 25፣ ለስላሳ 40፣ ኦቾሎኒ 20፣ ቡና 20 ሲጨመር የቀኑ ወጪ 305 ብር ይሆናል። በወር 9,150 ብር ነው። አሥራ ሁለቱ ወር ከጳጉሜን አምስት ቀናት ጋር 111,325 ብር ይመጣል። ቃሚው በልቡ የያዘው የጫቱን 73,000 ብር ስለሆነ 38,325 ብር ሳይታወቀው ሄዷል ማለት ነው። ሲጋራ፣ የባጃጅ፣ ምርቃና (የጫቱን ሞቅታ) ለመስበር በጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ በሚጠጣ መጠጥ፣ የሚወጣው ገና አልተቆጠረም። ቀንበጡ ተቀንጥቦ የሚደፋው ገራባም በዚያው 200 ብር የተገዛ ነው።

እውነተኛውን ቁጥር ለማግኘት ሰባት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ወጪ በተከፈለበት ቅጽበት ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ማታ ላስታውስ ከተባለ ትንንሾቹ ይረሳሉ፤ ድምሩን የሚያሳብጡት ደግሞ እነሱ ናቸው።

«እኔ ከጓሮዬ ነው የምቆርጠው፣ ምንም አያስወጣኝም»

በደቡብ ወሎ በቃሉና በወረባቦ ወረዳዎች ጫት የሚያለማ ገበሬ እንዲህ ሲል ይሰማል። ነጋዴ 200 ብር የሚከፍልበትን እስር ቆርጦ የቃመ ገበሬ ግን 200 ብር ከኪሱ እንዳወጣ ይቆጠራል። እንዲያውም ለራሱ የሚመርጠው ለጋውን ቀንበጥ ነው፤ ገበያ ላይ ዋጋ የሚያወጣውም እሱ ነው። ለጎረቤትና ለእንግዳ የሚቆረጠውን ሳይጨምር ነው ይህ። አንድ ወር ለራስ ሊቆረጥ የነበረውን ለብቻ አስሮ መሸጥና ገንዘቡን ከሌላው ሽያጭ ሳይቀላቅሉ ማስቀመጥ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል።

«በብዛት ብገዛ ይረክስልኛል»

አይሆንም። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ የሚሮጠው ለዚህ ነው። የሳምንት ጫት የገዛ ሰው ወይ ግማሹን ይጥላል፣ ወይ እንዳይበላሽ ብሎ ያለልኩ ይቅማል።

«ጫቱን በግማሽ ብቀንስ ወጪዬም በግማሽ ይቀንሳል»

ጫቱ 100 ብር ቢሆን ውሃው፣ ለስላሳው፣ ቡናውና ኦቾሎኒው ያው 105 ብር ናቸው። ወጪው 205 ሆነ፤ የተረፈው ሲሦ ያህል ብቻ ነው። ወጪን በግማሽ የሚቀንሰው አንድ ቀን እየዘለሉ መቃም ነው፤ እሱም በሚቃምበት ቀን መጠኑ ካልጨመረ።

«ካቆምኩ ብሩ በራሱ ይጠራቀማል»

ብዙ ሰው ጫት ትቶ ከወር በኋላ እጁ ላይ ምንም የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኪስ ውስጥ የቀረ 305 ብር ሌላ መውጫ አያጣም። መጀመሪያ የጫት ቤት ዱቤ ካለ ይዘጋ፤ በቴሌብር ወይም በሌላ ሰው እጅ ቢላክ ይሻላል፣ ሊከፍል ሄዶ ተቀምጦ የሚቀር አለና። ከዚያ ጫት ይገዛበት በነበረው ሰዓት፣ ያንኑ የብር መጠን፣ በየቀኑ ወደ ሌላ ሒሳብ ማስተላለፍ ነው። ወለድ ለማይፈልግ ከወለድ ነፃ ሒሳብ አለ። ለሌላው፣ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል፤ የዕቃ ዋጋ ከዚህ ፈጥኖ ሲወጣ ግን የተኛ ብር ይቀልጣል።

ስለዚህ እቁብን እናስቀድማለን። የሳምንቱ 2,135 ብር 2,000 ብር የሚጣልበትን እቁብ ይሸፍናል፤ ሃያ ሰው ካለ ዕጣው 40,000 ብር ነው። እቁቡ ውስጥ የሚጠብቅዎ ሰው መኖሩ ሀራራ በሚመጣበት ቀን ትልቅ ጉልበት ይሆናል። ዕጣው ሲደርስ ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ይወሰን። ፍየል ከሆነ በባቲ የሰኞ ገበያ ዋጋውን ጠይቆ መምጣት ነው።

«ካልቃምኩ ሥራ አይሠራልኝም»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን እምነት ያጠናክሩታል። ድብርት፣ ድካም፣ ብስጭትና ዱካክ (የሌሊት ቅዠት) ይመጣሉ፤ በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀላሉ። አብሽሩ፣ ያልፋል። የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ሰውነት የለመደውን መነቃቃት ሲያጣ የሚያሳየው ነው። ስለዚህ ከባድ ሥራ በሌለበት ሳምንት መጀመር ይመረጣል። ድብርቱ ከጸና፣ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

«ወዳጃና ጨዋታ ይቀርብኛል»

ወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበት ነው። ይህን ስጋት አናቃልለውም፤ ወሎ ውስጥ ሽምግልናውም ዱዓውም ብዙ ጊዜ ጫት ካለበት ነው። ሆኖም ዱዓው ያለ ጫት ይደረሳል፣ ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ ያለ ጫት ይጠጣል። የመጀመሪያውን ወር ግን የበርጫውን (ተሰብስቦ የሚቃምበትን) ሰዓት መሸሽ፣ ወዳጆችን በጠዋት ቡና ላይ ማግኘት ይበጃል። አንድ ቀን ተሳስተው ቢቅሙም የዚያን ቀን 305 ብር ብቻ ነው የጎደለው፤ የነገው ማስተላለፊያ በሰዓቱ ይላክ።