ምርጫ በዓለም አገሮች፣ ከቅስቀሳ እስከ ቆጠራ

ሕዝብ ወኪሎቹንና መሪዎቹን በድምፁ የሚሰይምበት ሥርዓት በአብዛኞቹ የዓለም አገሮች ሕገ መንግሥት ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል፤ አፈጻጸሙ ግን ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። መራጩ በጃፓን የዕጩውን ስም በእርሳስ ይጽፋል፣ በብራዚል ቁጥር ይጫናል፣ በኢንዶኔዥያ ወረቀቱን በሚስማር ይበሳል፣ በጋምቢያ ደግሞ ብይ በበርሜል ውስጥ ይጥላል። ለተመልካች የልማድ ልዩነት የሚመስሉት እነዚህ አሠራሮች በብዛት የተዘረጉት በየአገሩ የደረሰን ማጭበርበር፣ ማስፈራራት ወይም ጥርጣሬ ለመከላከል ነው። የአንድ ምርጫ ጥራት የሚለካውም የተሸነፈው ወገን ውጤቱን በገዛ ዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ በመቻሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ በሚታወቀው መልኩ የድምፅ ምስጢራዊነት ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት አይሞላም። በብሪታንያ እስከ 1872 ድረስ መራጩ በአደባባይ ቀርቦ የሚደግፈውን ዕጩ ስም ጮክ ብሎ ይናገር፣ ጸሐፊም ይመዘግብ ነበር። ማን ማንን እንደመረጠ የሚያሳየው መዝገብ በብዙ ቦታ ታትሞ ይሸጥ ስለነበር ባለርስቱ የጭሰኛውን፣ አሠሪውም የሠራተኛውን ድምፅ ስም በስም ያውቅ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ፓርቲዎች የየራሳቸውን ወረቀት ብዙ ጊዜ በተለያየ ቀለም እያሳተሙ ያድሉ ስለነበር፣ መራጩ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሳጥኑ ሲያመራ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ድምፅ የገዛ ሰው የገዛውን መረከቡን የሚያረጋግጥበት መንገድ እስካለው ድረስ ጉቦውም ማስፈራራቱም አይቆምም።

መፍትሔው የመጣው በጊዜው የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ከነበሩት ከቪክቶሪያና ከደቡብ አውስትራሊያ ነው። ሁለቱም በ1856 ባወጡት ሕግ ድምፅ መስጫ ወረቀቱን መንግሥት እንዲያሳትመው፣ የዕጩዎቹ ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር፣ መራጩም በተከለለ ቦታ ብቻውን ሆኖ እንዲሞላው ደነገጉ። በቪክቶሪያ መራጩ የማይፈልጋቸውን ስሞች ይሰርዝ ነበር፤ ከሚመርጡት ዕጩ ስም አጠገብ ምልክት የማድረጉን ዘዴ የዘረጋው የደቡብ አውስትራሊያው የምርጫ ኃላፊ ዊልያም ቡዝቢ ነው። ብሪታንያ አሠራሩን በ1872 ስትቀበል የመጀመሪያው ምስጢራዊ ምርጫ የተካሄደው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፖንትፍራክት ከተማ ሲሆን፣ የሳጥኑ ሰም የታተመውም በከተማዋ ከሚገኝ የጣፋጭ ፋብሪካ በተገኘ ማኅተም ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ1888 ቀዳሚ ሆና ሌሎቹ ግዛቶች ተከተሏት፤ ፈረንሳይ ደግሞ በ1913 ፖስታና መከለያ ያለው ቦታ በሕግ አስገደደች።

ይህም ሆኖ በአደባባይ መምረጥ ፈጽሞ አልጠፋም። በስዊዘርላንድ በግላሩስና በአፔንዜል ኢነርሮደን ካንቶኖች ዜጎች በየዓመቱ በጸደይ ወራት አደባባይ ወጥተው እጃቸውን በማንሣት ሕግ ያጸድቃሉ፣ ሹማምንትም ይመርጣሉ። ሥርዓቱ ቀጥተኛና ውብ መሆኑ ባይካድም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ የሚሰጠው ድምፅ ለለውጥ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል የሴቶች ጉዳይ ያሳያል። ኒውዚላንድ በ1893 ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትሰጥ፣ ስዊዘርላንድ በፌዴራል ደረጃ እስከ 1971 ቆይታለች፤ በአፔንዜል ኢነርሮደን ደግሞ አደባባይ የወጡት ወንዶች ጥያቄውን ደጋግመው ውድቅ በማድረጋቸው በ1990 መብቱ የተከበረው በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በኬንያ የሆነው ከዚህ ይከፋል። በ1988 ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ካኑ ዕጩዎቹን ሲለይ መራጮች በሚደግፉት ሰው ወኪል ጀርባ እንዲሰለፉ ተደረገ፤ በርካታ ቦታዎች ላይ አጭር ሰልፍ የነበረው ዕጩ አሸናፊ ተብሎ ታወጀ። ሰልፈኛው ከተበተነ በኋላ ዳግም የሚቆጠር ወረቀት አልነበረም፤ የተበደለው ዕጩም ለአቤቱታው የሚያቀርበው ማስረጃ አጣ።

የሕንድ ምርጫ በስፋቱ ወደር የለውም። በ2024 ከተመዘገቡት 968 ሚሊዮን ያህል መራጮች ውስጥ 642 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ የሰጡ ሲሆን፣ ምርጫው ከሚያዝያ 19 እስከ ሰኔ 1 በሰባት ዙር ተከናውኗል። የዚህ ሥርዓት መሠረት የተጣለው በ1951 መጨረሻ ተጀምሮ በ1952 መጀመሪያ በተጠናቀቀው የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ነው። የዚያን ጊዜው ዋና የምርጫ ኮሚሽነር ሱኩማር ሴን ከ170 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ፣ አብዛኞቹም ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ መራጮች ምርጫ ማዘጋጀት ነበረባቸው። ለየዕጩው የተለየ ሳጥን ተመድቦ ላዩ ላይ የዕጩው ምልክት እንዲለጠፍ አደረጉ፤ መራጩም ወረቀቱን በወደደው ምልክት ሳጥን ውስጥ ይከት ነበር። ምዝገባው ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የራሳቸውን ስም ከመናገር ይልቅ «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ ልጅ» ተብለው ተመዝግበው ስለተገኙ ከመዝገቡ እንዲወጡ ተወሰነ። ጨካኝ ውሳኔ ይመስላል፤ ሆኖም ሴቲቱ በባሏ ስም ሳይሆን በራሷ ስም ዜጋ መሆኗን አጥብቆ የያዘ አቋም ነበር።

ዛሬ በሕንድ ጣቢያ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የመራጩ ማንነት ከመዝገቡ ጋር ከተመሳከረ በኋላ በግራ እጁ አመልካች ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ እስከ ቆዳው፣ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ሲልቨር ናይትሬት ያለበት በመሆኑ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ በሳሙናም አይለቅም፤ ከ1962 ጀምሮ የሚያመርተው ማይሶር ከተማ ያለው የካርናታካ ግዛት መንግሥት ፋብሪካ ሲሆን ለሌሎች አገሮችም ይልካል። ከዚያ አስፈጻሚው በፊቱ ካለው መቆጣጠሪያ ላይ ፈቃድ ሲሰጥ መራጩ በመከለያው ውስጥ ከምልክቱ ጎን ያለውን ሰማያዊ ቁልፍ ይጫናል፤ ቀይ መብራት ይበራል፣ መሣሪያው ድምፅ ያሰማል፤ በመስታወት ውስጥ ደግሞ የመረጠው ዕጩ ስምና ምልክት የታተመበት ቁራጭ ወረቀት ለ7 ሰከንድ ታይቶ ወደ ታሸገ ሳጥን ይወድቃል። ይህ ወረቀት የተጨመረው ፓርቲዎች መሣሪያውን ማመን እንደሚቸግራቸው ደጋግመው በመናገራቸው ነው።

ጋምቢያ ለዚሁ ላለማንበብ ችግር ያገኘችው መፍትሔ ፍጹም የተለየ ነበር። መራጩ ከአስፈጻሚው አንዲት ብይ ተቀብሎ የየዕጩዎቹ ፎቶግራፍና ቀለም ወዳለባቸው በርሜሎች ይቀርባል፤ ብዩን በቱቦው ሲለቀው ውስጥ ያለ ደወል ይመታል፣ ውጭ የተቀመጡት አስፈጻሚዎችና ወኪሎችም የደወሉን ድምፅ ይሰማሉ። ደወሉ ሁለት ጊዜ ከተሰማ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መምረጡ ይታወቃል፤ ብዩ የበርሜሉን ወለል መትቶ እንዳያሳስት ግርጌው ላይ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይደረጋል፤ ደወል ያላቸው ብስክሌቶችም ወደ ጣቢያው አካባቢ እንዳይቀርቡ ይከለከላሉ። ቆጠራው የሚከናወነው ቀዳዳዎች ባሉት ሰሌዳ ላይ ብዮቹን በመደርደር ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት የገዙት ያህያ ጃሜህ በ2016 በአዳማ ባሮ የተሸነፉት በዚሁ በብይ ነው።

ስለ መራጩ ግዴታም አገሮች ይለያያሉ። አውስትራሊያ በ1922 የተሳትፎው መጠን ከ60 ከመቶ በታች ወርዶ ስለነበር በ1924 መምረጥን በሕግ አስገዳጅ አደረገች፤ በተከታዩ ምርጫ ተሳትፎው ከ91 ከመቶ አለፈ። ብራዚልም ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ከ18 እስከ 70 ዓመት ያሉ ዜጎቿን ታስገድዳለች፤ የ16ና የ17 ዓመት ወጣቶች ግን በፈቃዳቸው ይመርጣሉ።

ቅስቀሳን በተመለከተ ጃፓን ምናልባት ከዴሞክራሲያዊ አገሮች ሁሉ ጠንካራውን ገደብ የጣለች ናት። የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ቅስቀሳ 12 ቀን ብቻ ይፈጃል፤ ጉቦን ለመከላከል ሲባልም ከ1925 ጀምሮ ቤት ለቤት መቀስቀስ የተከለከለ ነው። በመሆኑም ዕጩዎች ድምፅ ማጉያ በተገጠመለት መኪና እየዞሩ፣ ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጅ ሰላምታ እየሰጡ ስማቸውን ደጋግመው ያሰማሉ። መራጩ ስሙን በገዛ እጁ መጻፍ ስላለበት የስሙ መታወስ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ዕጩዎችም ስማቸውን ፖስተር ላይ በቀላሉ በሚጻፉ ፊደላት ያሰፍራሉ። ብሪታንያ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የሚከፈልበት የፖለቲካ ማስታወቂያን ስትከለክል፣ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ ለሚያደርጉት ቅስቀሳ የሚያወጡት ገንዘብ እንዳይገደብ ወሰነ። በሁለቱ መካከል ሲመዘን የብሪታንያው ይሻላል፤ ገንዘብ ያለው ወገን የአየር ሰዓቱን ጠቅልሎ እንዳይወስድ ያደርጋልና። ሕንድ ድምፅ መስጠት ከመጠናቀቁ በፊት ያሉትን 48 ሰዓታት የጥሞና ጊዜ ስታደርግ፣ በፈረንሳይም ከምርጫው ዋዜማ ጀምሮ ቅስቀሳ ይቆማል።

ወረቀትን በመሣሪያ መተካት ይበጃል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ አገሮች አልተስማሙም። ብራዚል በ1996 የጀመረችውን የኤሌክትሮኒክ ሳጥን በ2000 በመላ አገሪቱ አዳረሰች፤ መራጩ የዕጩውን ቁጥር ሲያስገባ ፎቶግራፉ ይታየዋል፣ ከዚያም አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ ያጸድቃል። ኢስቶኒያ በ2005 በኢንተርኔት ማስመረጥ ጀምራ በ2023 የምክር ቤት ምርጫ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ድምፅ በዚህ መንገድ ሰብስባለች። ድምፁን በሰው ፊት ተገድዶ የሰጠ መራጭ ኋላ ብቻውን ሲሆን ሊለውጠው ይችላል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነውና። የጀርመን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በ2009 በ2005ቱ ምርጫ የተሠራባቸውን መሣሪያዎች ሕገ መንግሥቱን የሚጥሱ ናቸው አለ፤ ምክንያቱም ማንኛውም ዜጋ የተለየ ሙያ ሳያስፈልገው የምርጫውን ዋና ዋና ሂደቶች መመርመር መቻል አለበት። ይህ መለኪያ ከተጻፉት የምርጫ መርሖች ሁሉ እጅግ ጠቃሚው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያንን መለኪያ በተግባር የሚያሟላው በየጣቢያው በአደባባይ የሚደረግ ቆጠራ ነው። በፈረንሳይ ድምፁ የሚሰበሰበው ውስጡ በሚታይ ሳጥን ሲሆን፣ ወረቀቶቹን ከፍተው የሚቆጥሩት ከመራጮቹ መካከል የተመደቡ ሰዎች ናቸው። በጋና የየፓርቲው ወኪሎች ቆጠራውን በዚያው ተከታትለው በውጤት ቅጹ ላይ ይፈርማሉ፣ ቅጂውንም ይይዛሉ፤ በ2008 ጆን አታ ሚልስ በሁለተኛው ዙር ያሸነፉት በ40 ሺህ ድምፅ ልዩነት ብቻ ሆኖ ሳለ ሥልጣን በሰላም የተላለፈ መሆኑ ከዚህ አሠራር ተነጥሎ አይታይም። የአስፈጻሚዎቹ ድካም ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኢንዶኔዥያ በ2019 የፕሬዚዳንትና የምክር ቤቶች ምርጫን በአንድ ቀን አካሂዳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ሲቆጥሩ ካደሩት አስፈጻሚዎች በመቶዎች የሚቆጠሩት ሕይወታቸው አልፏል፤ ብዙዎቹም ለሞት የተዳረጉት ከድካም ጋር በተያያዘ ሕመም ነው።

ቆጠራው ሲያጠራጥር የመጨረሻው ዳኛ ፍርድ ቤት ነው። የኦስትሪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2016 የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ሁለተኛ ዙር የሻረው በፖስታ የተላኩ ድምፆች በሕጉ ከተወሰነው ሰዓት በፊት ወይም ሥልጣን በሌላቸው ሰዎች ተከፍተው በመገኘታቸው ነበር፤ ውጤቱ መጭበርበሩ ግን አልተረጋገጠም። ድጋሚ ምርጫው የፖስታዎቹ ሙጫ አልይዝ ብሎ ከጥቅምት ወደ ታኅሣሥ ተላልፎ፣ አሌክሳንደር ፋን ደር ቤለን በበለጠ ልዩነት አሸነፉ። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 1 ቀን 2017 የነሐሴውን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲሽር በአፍሪካ ያን መሰል ውሳኔ የመጀመሪያው ነበር፤ ተቃዋሚው ራይላ ኦዲንጋ ራሳቸውን ባገለሉበት ድጋሚ ምርጫ ኡሁሩ ኬንያታ በሥልጣናቸው ቀጠሉ። በማላዊ ደግሞ የ2019ኙ የውጤት ቅጾች በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተፍቀው ቁጥሮች ተለውጠው በመገኘታቸው ዳኞቹ በየካቲት 2020 ምርጫውን ሻሩት፤ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት እንዳለበትም ወሰኑ። በሰኔ ወር በተካሄደው ድጋሚ ምርጫ ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ 59 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው ፒተር ሙታሪካን ተኩ። በ2025 ምርጫ ደግሞ ቻክዌራ ለሙታሪካ ተሸንፈው መሸነፋቸውን ተቀበሉ፣ ሥልጣኑንም አስረከቡ።