በእግር ኳስ ፕላን ቢ ምንድን ነው? አሰልጣኙን «ይሄ ሰውዬ ሌላ እቅድ የለውም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቅዳሜ አመሻሽ ነው። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሏል። ቦታ ያጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። 70ኛው ደቂቃ አልፎ ጨዋታው አሁንም ዜሮ ለዜሮ ነው። ኳሱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል። ይሄኔ ከኋላ አንዱ ብድግ ይልና «ኧረ ፕላን ቢ የለውም እኮ ይሄ ሰውዬ!» ይላል። ከፊት የተቀመጠው ዞሮ «ታዲያ ማንን ያስገባ? ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማን አለ?» ብሎ ይመልስለታል። በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደጮህኩት ቤቱ ይቁጠረው። ቆይቶ የገባኝ ግን ሁላችንም አንድ ቃል እየተጠቀምን የተለያየ ነገር እንደምናወራ ነው። አንዱ ረጅም አጥቂ ይግባ ማለቱ ነው። ሌላው አሰላለፉ ይቀየር ማለቱ ነው። ሦስተኛው በቃ ተናዶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ቡድን ጎል ለማግባት የሚተማመንበት የለመደው መንገድ አለው። ያ ፕላን ኤ ነው። ተጋጣሚው ያንን መንገድ ሲዘጋበት የሚሞክረው ሌላ መንገድ ደግሞ ፕላን ቢ ይባላል። ቁም ነገሩ ያለው «ሌላ» የሚለው ላይ ነው። የግራ መስመር አጥቂ ወጥቶ ሌላ የግራ መስመር አጥቂ ቢገባ ትኩስ እግር ገባ እንጂ ፕላን ቢ አልመጣም። አሰላለፉ ከ4-3-3 ወደ 4-2-3-1 ቢቀየርም ኳሱ በዚያው በለመደው መንገድ የሚሄድ ከሆነ ያው ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተከላካዮቹ እስካሁን ያላሰቡበትን ነገር እንዲያስቡ ተገደዋል?

ስፔንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ በሩሲያ ቡድን፣ በ2022 ደግሞ በሞሮኮ ቡድን ከጥሎ ማለፉ ተሰናበተች። ሁለቱንም ጊዜ የተሸነፈችው በመለያ ምት ነው። በሁለቱም ጨዋታዎች ከ1000 በላይ ኳስ ተቀባብላለች። ሞሮኮ ላይ ግን በ120 ደቂቃ አንድ ጎል እንኳ አላገባችም። ሞሮኮዎች ተጠጋግተው ቆሙ፣ ኳሱ ከፊታቸው ሲመላለስ በትዕግስት አዩት። ቅብብሉ በዛ እንጂ ጥያቄው አልተቀየረባቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአውሮፓ ዋንጫ ያችው ስፔን ላሚን ያማልን በቀኝ፣ ኒኮ ዊሊያምስን በግራ አሰልፋ መጣች። ቅብብሉን አልተወችም። መሀሉ ሲዘጋባት ግን በጎን በኩል ሰው እያታለሉ የሚሮጡ ሁለት ልጆች ነበሯት። ሰባቱንም ጨዋታ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ለእኔ ምርጡ ፕላን ቢ ይሄ ነው። ቡድኑ ማንነቱን ሳይጥል ሁለተኛ በር ሲከፍት።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ማንነትን ለጊዜው አስቀምጦ መሄድ ነው። የዚህ ትልቁ ምሳሌ ሁሌም ዓይኔ ላይ አለ። ታኅሣሥ 2022፣ ኳታር፣ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ። አርጀንቲና ኔዘርላንድስን 2 ለ 0 እየመራች ነው፣ ሁለተኛውን ጎል ሜሲ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቷል። ኔዘርላንድስ ማለት በነክሩይፍ ዘመን ቆንጆ ኳስ ለዓለም ያሳየች አገር ናት። አሰልጣኙ ሉዊ ቫን ሃል ግን ለቁንጅና አልተጨነቀም። መጀመሪያ ሉክ ደ ዮንግን አስገባ። ቀጥሎ በ78ኛው ደቂቃ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ዋውት ዌግሆርስትን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ኳሱ በአየር ላይ ሆነ። በ83ኛው ደቂቃ በርግሃውስ አሻማ፣ ዌግሆርስት በግንባሩ ገጭቶ አገባ።

የባከነው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ ከሳጥኑ ጫፍ አካባቢ ቅጣት ምት ተገኘ። ዓለም ሁሉ በቀጥታ ወደ ጎል ይመታል ብሎ ጠበቀ። ኮፕማይነርስ ግን ሊመታ እንደሚሮጥ ሰው መጣና ኳሷን ዝቅ አድርጎ ወደ ተከላካዮቹ ግድግዳ ጎን ሸርተት አደረጋት። ዌግሆርስት እዚያ ነበር። ተከላካዩን በጀርባው ይዞ ተቀበላት፣ ዞረና በግራ እግሩ መታት። 2 ለ 2! አብሮኝ የሚያየው ጓደኛዬ ማኪያቶው ጉልበቱ ላይ ፈሶ እንኳ አልተሰማውም ነበር።

ልብ በሉ፣ ያ ቅጣት ምት ልምምድ ላይ የተሠራ ነገር ነው። እነዚያ ሁለት ረጃጅም አጥቂዎችም ወደ ኳታር ሲኬድ ሆን ተብለው የተመረጡ ናቸው። ስለዚህ ፕላን ቢ 75ኛው ደቂቃ ላይ አይወለድም። የሚጀምረው ተጫዋች ሲገዛ ወይም ሲመረጥ፣ ከዚያም ልምምድ ሜዳ ላይ ነው። በመጨረሻ ኔዘርላንድስ በመለያ ምት 4 ለ 3 ተሸነፈች። ብትሸነፍም እቅዱ እቅድ ነበር። በውጤት ብቻ የምንፈርድ ሰዎች ይሄን እንረሳዋለን።

ፕላን ቢ ለማጥቃት ብቻ አይደለም። በጥር 2022 ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጫወቱ በ12ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ ታየባቸው። በአጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድን አንድ ሰው ሲጎድልበት ምን ያደርጋል? ይሄም ቀድሞ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። 1 ለ 0 ተሸነፍን።

እዚህ ላይ የባላንጣችን የቶተንሃም አሰልጣኝ የነበረውን አንጌ ፖስቴኮግሉን ሳላነሳ አላልፍም። በኅዳር 2023 ከቼልሲ ጋር ሲጫወቱ ሁለት ተጫዋቾቹ በቀይ ካርድ ወጡበት። በዘጠኝ ሰው እየተጫወተም ተከላካዮቹን መሀል ሜዳው አካባቢ አቆማቸው። 4 ለ 1 ተሸነፈ፣ ኒኮላስ ጃክሰን ሦስት አገባ። «ፕላን ቢ የሌለው ሰው» የሚለው ስም እዚያው ተለጠፈበት። በቀጣዩ ዓመት በሊጉ 22 ጨዋታ ተሸንፎ 17ኛ ሆኖ ጨረሰ። ግን በግንቦት 2025 ቢልባኦ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ መጣ። ብሬናን ጆንሰን ለቶተንሃም ከእረፍት በፊት አገባ። ከዚያ ያ ሁሌ አጥቁ የሚለው ሰው ቡድኑን ወደ ኋላ ስቦ ኳሱን ለማንቸስተር ዩናይትድ ተወለት። 1 ለ 0 አሸንፎ ቶተንሃምን ከ2008 ወዲህ ለመጀመሪያው ዋንጫ አበቃ። በ16ኛው ቀን ተባረረ። የአርሰናል ደጋፊ ሆኜ እንኳ ለዚያ ሰው አዘንኩ።

ዛሬ አሰልጣኞች ድሮ ያልነበራቸው ነገር አላቸው። ድሮ ሦስት ብቻ ነበር የሚቀየረው። ከ2020 ጀምሮ አምስት ተፈቀደ፣ ፕሪሚየር ሊጉም ከ2022/23 ጀምሮ ጸንቶበታል። ግብ ጠባቂውን ትተን ከአሥሩ ግማሹን መቀየር ይቻላል ማለት ነው። «ማንን ያስገባ?» የሚለው መከላከያ እንደ ድሮው አያስኬድም።

እኛ አርሰናሎች ቤት ግን ያልተቋጨ ክርክር አለ። በየካቲት 2025 አጥቂያችን ሃቨርትዝ ተጎድቶ አርሰናል ሌስተር ሜዳ ላይ ያለ አጥቂ ቀረ። አሰልጣኙ አርቴታ አማካዩን ሜሪኖን በ69ኛው ደቂቃ አስገብቶ ፊት አቆመው። በ81ኛው በግንባሩ፣ በ87ኛው በእግሩ አገባና 2 ለ 0 አሸነፍን። ጓደኛዬ «ይሄ ችግር የወለደው ነው፣ እቅድ አይባልም» ይላል። እኔ ደግሞ ሜሪኖ የግንባር ኳስ እንደሚችል ታውቆ ነው የገባው እላለሁ። ቼልሲ ላይ ከማዕዘን ምት በግንባሩ አግብቶ 1 ለ 0 ስናሸንፍ «አሁንስ?» አልኩት። «አሁንማ ፕላን ኤ ሆነ» አለኝ።