«ዶክተር፣ ያለ ቀዶ ጥገና የሚተከለውን ጥርስ ነው የምፈልገው»

በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ። ታካሚው ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጥ ስልኩን ያወጣና ቪዲዮ ያሳየኛል። ጥርሶች ላይ የተገጠመ ግልጽ ፕላስቲክ፣ መሃሉ ላይ የብረት ቀለበት፣ በቀለበቱ ውስጥ ሽው ብሎ የሚገባ መሰርሰሪያ። ደም የለም፣ ስፌት የለም፣ በአንድ ደቂቃ አለቀ። «ያለ ቀዶ ጥገና የሚባለው ይሄ ነው አይደል? እኔም ይሄንኑ ነው የምፈልገው።»

ቀዶ ጥገና ነው። ድዱ ተከፈተም አልተከፈተም አጥንት ይበሳል፣ ማደንዘዣ ይወጋል፣ ንጽህናው እንደማንኛውም ኦፕራሲዮን ይጠበቃል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ለዚህ ዘዴ የሚሆን አጥንትና ድድ ስላለው ነው ነገሩ የቀለለው። የእናንተ አፍ የእሱ አፍ አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ኢምፕላንት በወለቀ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ አስገብቶት የነበረው ታይታኒየም አልወጣ አለው። አጥንት ከዚህ ብረት ጋር እንደሚዋሐድ የተረዳው ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው፣ መሰርሰሪያውን የሚመራው ጋይድ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። ሁለት ምስል ይነሳል። አጥንቱን የሚያሳይ ሲቢሲቲ የሚባል ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ፣ ጥርሱንና ድዱን የሚያሳይ የአፍ ስካን። ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ይደራረባሉ። ሐኪሙ ብሎኑ የት፣ ምን ያህል ጠልቆ፣ ወዴት ዘንበል ብሎ እንደሚገባ ይወስናል። ጋይዱ በዚያ ልክ ታትሞ ይወጣል። ለአንድ ሰው የተሠራ ስለሆነ ለሌላ አይሆንም።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። «ድድ ካልተከፈተ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚሉት።

ለሚሆነው ሰው፣ አዎ፣ ይሻላል። እብጠቱ ያንሳል፣ ሕመሙ ያንሳል፣ ብዙዎቹ በማግስቱ ሥራ ይገባሉ። ድድ ከአጥንት ሲላቀቅ ለአጥንቱ ደም የሚያደርሰው ሽፋንም አብሮ ይነሳል፤ ካልተነካ ያ ሁሉ ይተርፋል። እኔም ሲመች ደስ ብሎኝ እሠራዋለሁ። ግን አለመክፈት ማለት አለማየት ማለት ነው። ሳያዩ ለመሥራት ደግሞ ከሥር ያለው አጥንት ሰፊና ደህና መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው።

እኛ አገር ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥርስ ይነቀላል፣ ቦታው ይተዋል። አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት። የተነቀለበት ቦታ አጥንት ግን ሥራ ሲፈታ ይሟሟል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የስፋቱ ግማሽ ያህል ሊጠፋ ይችላል፣ በተለይ በጉንጭ በኩል ያለው። ድዱ ግን ላዩን ይሸፍነዋል፣ ያበጠም ይመስላል።

አንድ እናት ነበሩ፣ ስልሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። የታችኛው መንጋጋቸው ጥርስ ከተነቀለ ዘመን አልፎታል። ልጃቸው ከአሜሪካ ደውላ «አደራ ዶክተር፣ የእናቴን ድድ ሳይቀዱ በዘመናዊው ይሥሩላት» አለችኝ። ራጁ ሲነሳ የአጥንቱ ስፋት ከላይ በኩል 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ብሎን፣ ዳርና ዳሩ ላይ የሚተርፈው አጥንት ተደምሮ፣ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር እፈልጋለሁ። እሳቸው አላመኑኝም። «በምላሴ ስነካው እኮ ወፍራም ነው የኔ ልጅ።» ምላሳቸው የነካው ድዱን ነው። ከፍቼ አጥንት ጨመርኩላቸው፣ ወራት ጠበቅን፣ ከዚያ ተከልኩ። ልጃቸውን ሰምቼ ሳልከፍት ብበሳው ኖሮ ብሎኑ በጉንጭ በኩል ከአጥንቱ ወጥቶ ድድ ሥር ይቀር ነበር። ማንም አያየውም፤ የሚታወቀው ድዱ ሲሸሽና ብረቱ ብቅ ሲል ነው።

ድዱም ራሱ አንድ ጉዳይ ነው። መስታወት ፊት ቁሙና የታች ከንፈራችሁን ወደ ውጭ ሳቡት። ጥርሱ ሥር ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ጠንካራ፣ የማይነቃነቅ ድድ ታያላችሁ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ቀላ ያለ፣ ከከንፈር ጋር አብሮ የሚሄድ ለስላሳ ሥጋ አለ። ኢምፕላንት ዙሪያውን እንዲከብበው የምንፈልገው ጠንካራውን ነው። ድድ ሳንከፍት ስንሠራ በክብ መብሻ ቆርጠን የምንጥለው ይህንኑ ነው። የተረፈው ትንሽ ከሆነ ቆርጦ መጣል ጥፋት ነው። ድዱን ከፍቶ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ያተርፈዋል። ስለዚህ «ለምን ከፈትከኝ?» ብላችሁ የምትቆጡኝ ሰዎች፣ ለድዳችሁ ብዬ ነው።

«ጋይድ ካለ ስህተት የለም» ይሉኛል። ስህተት አለ። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በጋይድ የተተከለ ኢምፕላንት ከታቀደበት ቦታ መግቢያው ላይ በአማካይ ወደ 1.2 ሚሊሜትር፣ ጫፉ ላይ ወደ 1.4 ሚሊሜትር፣ ዘንበል በማለት ደግሞ 3.5 ዲግሪ ያህል ይለያል። በእጅ ብቻ ከመሥራት የተሻለ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። ለታችኛው ከንፈር ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ በላይ 2 ሚሊሜትር ባዶ የምንተወው ለዚሁ ነው። ጋይዱ የሚያደርገው ሐኪሙ ያቀደውን ነው። እቅዱ ከተሳሳተ ስህተቱን በጥንቃቄ ያደርሰዋል።

አንድ ወጣት ስካን ከተነሳ በኋላ ሌላ ቦታ ሄዶ ጎረቤት ጥርሱን አስሞላ። አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። የቀጠሮው ቀን ጋይዱን አፉ ውስጥ ሳስገባው ቁጭ ያለ ይመስላል። ጋይድ ላይ ሆን ብለን ትናንሽ መስኮቶች እንተዋለን፣ ጥርሱ ከፕላስቲኩ ጋር መግጠሙን የምናይባቸው። በአንዷ መስኮት ሳይ ፀጉር የምታክል ክፍተት። በጣቴ ስጫነው ይወዛወዛል። እዚያው አቆምኩ። ልጁ ከሥራ አስፈቅዶ ነው የመጣው፣ በጣም ተናደደ። ፀጉር የምታክለዋ ክፍተት ግን ብሎኑ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከዚያ በላይ ትሆናለች። እንደገና ስካን ተነስቶ እንደገና ታተመ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም «ከስካኑ በኋላ ጥርስህን ነክተሃል?» እያልኩ እጠይቃለሁ። እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ጥርስ ጨርሶ የሌለው ሰው ላይ ደግሞ ጋይዱ የሚቀመጠው ድድ ላይ ነው። ድድ ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በፒን ይያዛል፣ ግን ጥርስ ላይ እንደተቀመጠው አይሆንም።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር ሙቀት ነው። አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። ማቀዝቀዣው ውኃ ደግሞ በጋይዱ ይጋረዳል። ስለዚህ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ገባ ወጣ ሲያደርግ፣ ቆም ሲል፣ ውኃ ሲያስጨምር ብታዩ ሥራውን እየሠራ ነው። አታስቸኩሉት።

አፉን በሰፊው መክፈት የማይችል ሰውም አለ። የጋይድ መሰርሰሪያ ረጅም ነው። ሦስት ጣታችሁን አንዱን በሌላው ላይ ደርድራችሁ በፊት ጥርሶቻችሁ መሃል አስገቡ። ካልገባ፣ ለኋላ ጥርስ ጋይድ ያስቸግራል፤ ያለ ጋይድ መሥራቱ ያኔ ድክመት አይደለም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ኢምፕላንት ካለኝ ኤምአርአይ መነሳት አልችልም።» ትችላላችሁ። ታይታኒየም በማግኔት አይሳብም። ባለሙያው ምስሉ አካባቢው ላይ ሊደበዝዝበት ስለሚችል ንገሩት።

«አርጅቻለሁ፣ አይዝልኝም።» ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ሲጋራና አንዳንድ የአጥንት መድኃኒቶች ናቸው የሚያሳስቡት። የሚከለከለው እድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ነው።

«የተተከለ ጥርስ አይበሰብስም፣ ታዲያ ምን አጸዳዋለሁ?» አይበሰብስም። ዙሪያው ያለው ድድ ግን ያመረቅዛል፣ አጥንቱም ይበላል። ጥርስ ነው ብላችሁ ቦርሹት፣ መሃል ለመሃሉንም በትንሿ ብሩሽ።

«በሁለት ሳምንት እረፍቴ ጨርሼ እመለሳለሁ።» ይህን የሚሉኝ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ናቸው። ጋይድ የሚያፈጥነው ወንበር ላይ ያለውን ሰዓት ነው። አጥንት በራሱ ጊዜ ነው የሚዋሐደው፤ ታች ብዙ ጊዜ ሦስት ወር አካባቢ፣ ላይ ደግሞ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። አንዳንድ ሰው ላይ ጊዜያዊ ጥርስ በዚያው ቀን ይገጠማል፣ ግን ቆሎ የሚቆረጠምበት አይደለም። ለሁለት ጉዞ አስቡት። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሲቢሲቲ እዚያው ካላችሁበት አስነሱና ፋይሉን ላኩ፤ የወረቀት ፎቶ ሳይሆን ዋናውን ፋይል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በስም ጻፉ። ስትጨርሱም የኢምፕላንቱን ማሸጊያ ጠይቁ። በውስጡ የሚላጥ ስቲከር አለ፣ የፋብሪካው ስም፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት። ስቲከሩ ከሌለ ሌላ ሐኪም የሚገጥመውን ክፍል ለማግኘት ይቸገራል። ፎቶ አንሱትና ስቲከሩን ፓስፖርታችሁ ውስጥ አስቀምጡት።