«ክንዱን ለዕድል ሰጠ»፦ የደብሊኑ በርና አባባሉ

አየርላንዳውያን ሰው መጨረሻውን ሳያውቅ ደፍሮ ሲገባ «ቻንስድ ሂዝ አርም» ይላሉ፤ «ክንዱን ለዕድል ሰጠ» እንደ ማለት ነው። የተጠየቀውን ልምድ ሳይዝ ለሥራ ያመለከተም፣ ዋጋው የተቆረጠ ዕቃ ላይ «ግማሹን ቀንስልኝ» ያለም ክንዱን ለዕድል ሰጥቷል። የእኛ «ዕድሉን ሞከረ» ይቀርበዋል፤ ግን በእኛው ውስጥ የሚቆረጥ ክንድ የለም።

ክንዱን ያመጣው በአፍ የሚነገረው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 የኪልዴር ፊትዝጄራልዶችና የኦርመንድ በትለሮች ደም ተቃብተው ነበር። በእንግሊዝ የዘውድ ጦርነት በትለሮቹ ከላንካስተር፣ ፊትዝጄራልዶቹ ከዮርክ ወገን ቆመው ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ አየርላንድን የመግዛት ሹመት አፋጠጣቸው። ደብሊን ላይ ግጭቱ ሲከር ጄምስ በትለር ከሰዎቹ ጋር ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ሸሽቶ በካህናቱ የጉባኤ ክፍል ውስጥ በሩን ዘጋ።

የኪልዴሩ መስፍን ጄራልድ ፊትዝጄራልድ ከውጭ ሆኖ «ውጡ፣ አንነካችሁም» አለ። ማን ይመነው? ከስንት ዓመት ቂም በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ወጥመድ እንጂ ምን ይመስላል። ጄራልድም የበሩ ሳንቃ እንዲበሳ አዘዘና ክንዱን በቀዳዳው አሳልፎ ዘረጋ። ውስጥ ያሉት ሰይፍ ይዘዋል፤ የሚያዩት የጠላታቸውን እጅ ብቻ ነው፣ ፊቱ አይታይም። አንዱ ቢሰነዝር ክንዱ እዚያው ይቀራል። ጄምስ ግን እጁን ጨበጠው፤ በሩ ተከፈተ፣ ተቃቀፉ።

ስተረጉመው ያስቸገረኝ «እጅ ሰጠ» የሚለው ቃላችን ነው። በአማርኛ እጁን የሰጠ ተሸንፏል፤ ጄራልድ ግን ያየለው እሱ ነበር። «ክንድ» ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚያም በላይ የሚከነክነኝ፣ አባባሉ የዘረጋውን ብቻ ማስታወሱ ነው። የጨበጠውስ? ጄራልድ ያስያዘው አንድ ክንዱን ነው፤ ጄምስ በሩን ሲከፍት ያስያዘው የራሱንና የሰዎቹን ነፍስ ነው። እኔ ብሆን አባባሉን ለእሱ እሰጠው ነበር።

አባባሉ ከዚህ በር ለመወለዱ ግን ማስረጃ የለም። በጽሑፍ የሚገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ወታደር ሲያጠፋ ከክንዱ ላይ ከሚገፈፈው የማዕረግ ምልክት ጋር የሚያያይዙትም አሉ።

እርቁም ሰዎቹን ከደም አላወጣቸውም። ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1497 ኪልኬኒ አጠገብ በገዛ ዘመዱ በፒርስ በትለር ተገደለ። ፒርስ የጄራልድ አማች፣ የልጁ የማርጋሬት ባል ነበር። ጄራልድም በ1513 ከኦሞር ጎሳ ጋር ሲዋጋ፣ ፈረሱን ውሃ በሚያጠጣበት ሰዓት በጥይት ተመትቶ በዚያው ቁስል ሞተ።

በሩ ዛሬም እዚያው ካቴድራል ውስጥ ቆሟል፤ «የእርቅ በር» ይሉታል። ያረጀ ሳንቃ ነው፣ መሃሉ ላይ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው።