ቤዙን የሚያበላሸው ሳሎኑ ነው፦ የሆም ቲያትር ሪሲቨር በማይክ ሲስተካከል

ማይኩ ዋናው መቀመጫ ላይ፣ በጆሮ ቁመት ቆሟል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከግራው ስፒከር ከወፍራም ተነስቶ ወደ ቀጭን የሚምዘገዘግ አጭር ድምፅ ይወጣል፤ «ዉዊፕ»። ደጋግሞ ይወጣል። ሌሎቹም ስፒከሮች በየተራ እንዲሁ ያደርጋሉ። የሰብዉፈሩ (ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) ተራ ሲደርስ ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሪሲቨሩ ነው። ክፍሉን እያዳመጠ ነው።

አውቶማቲክ የክፍል ድምፅ ማስተካከያ የሚባለው ይህ ነው። ሪሲቨሩ ወደ ስፒከሮቹ የላከውን ድምፅ በማይኩ ከሰማው ጋር ያነጻጽራል። ከዚያ የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት፣ የድምፅ መጠንና ቃና በራሱ ያስተካክላል። እዚህ ላይ ሪሲቨር ስል የዲሹን ሳጥን ማለቴ አይደለም። ሆም ቲያትር ላይ ሪሲቨር የሚባለው አምፕሊፋየሩን፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹንና የድምፅ ፕሮሰሰሩን አንድ ላይ የያዘው ከባዱ ዕቃ ነው።

ብዙ ሰው ጥሩ ሰብዉፈር ገዝቶ ቤት ካመጣ በኋላ ቅር ይለዋል። ሱቅ ውስጥ ደረት የሚመታው ድምፅ ሳሎን ሲገባ «ቡም ቡም» ብቻ ይሆናል። ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። ክፍሉ ነው።

ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የ43 ሄርዝ (በሴኮንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ አንድ ሞገዱ 8 ሜትር ያህል ይረዝማል። የሳሎናችሁ ርዝመት 4 ሜትር ከሆነ ግማሹ ሞገድ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልክክ ብሎ ይገባል ማለት ነው። ያን ጊዜ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል። ግድግዳው ጋ ይጎላል፤ ክፍሉ መሃል ላይ ይሞታል። ለ5 ሜትር ርዝመት ይህ የሚሆነው በ34 ሄርዝ ነው። ለ2.8 ሜትር ኮርኒስ ደግሞ በ61 ሄርዝ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥሮች አሉት።

በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ወጥ የሆነ ወፍራም ድምፅ፣ ለምሳሌ 40 ሄርዝ፣ በስልክ አፕ አድርጋችሁ በሰብዉፈሩ አጫውቱ። ከዚያ ሳሎኑ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። አንድ ቦታ ላይ ጆሯችሁን ይሞላዋል። ሁለት እርምጃ ወደፊት ስትሉ ድምፁ ይከዳችኋል። ምንም አልነካችሁም፤ የተንቀሳቀሳችሁት እናንተ ናችሁ።

የእኛ አገር ሳሎን በዚህ በኩል ፈተናው ይበዛል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ኮንክሪት ነው። ብሎኬት ለወፍራም ድምፅ አይለመጥም፤ የመጣለትን መልሶ ይልካል። ሶፋውና መጅሊሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ተጠግቶ ዙሪያውን ይደረደራል። ግድግዳ ጥግ የተቀመጠ ሰው ቤዙ ከሚከማችበት ቦታ ላይ ነው ያለው። አሜሪካ በእንጨትና በጂፕሰም ቦርድ በተሠራ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥማችኋል። ግድግዳው ራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ቤዙን በከፊል ይውጠዋል፤ በከፊል ደግሞ ለጎረቤት ያሳልፈዋል። የሚጎላው ቤዝ ያን ያህል አያስቸግርም፤ የጎረቤቱ ጉዳይ ግን ሌላ ራስ ምታት ነው።

ማስተካከያዎቹ ስማቸው በየኩባንያው ይለያያል። ያማሃ ዋይፓኦ ይለዋል። ፓዮኒር ኤምካክ፣ አንተም (Anthem) የተባለው ኩባንያ ደግሞ ኤአርሲ ይሉታል። ዲራክ የስዊድን ነው፤ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ምርምር የወጣ ሲሆን ለብዙ ኩባንያዎች ዕቃ ይሠራል። እኔ በደንብ የማውቀው ዴኖንና ማራንዝ ሪሲቨሮች ላይ ያለውን ኦዲሲን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው በአብዛኛው በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ኦዲሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። መነሻው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ የድምፅ ምርምር ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የዩኒቨርሲቲው መምህር ክሪስ ኪርያካኪስ ነው። ሌላው ቶምሊንሰን ሆልማን ነው፤ ቀደም ሲል በሉካስፊልም ቲኤችኤክስ የተባለውን የሲኒማ ድምፅ ደረጃ ያወጣው ሰው።

ኦዲሲ ራሱ እርከን አለው። ተራው መልቲኢኪው እስከ 6 ቦታ ይለካል። ኤክስቲ እና ኤክስቲ32 የተባሉት እስከ 8 ቦታ ይለካሉ። ኤክስቲ32 ያለበት ሪሲቨር ወፍራሙን ድምፅ ከሌሎቹ በተሻለ ጥራት ያስተካክላል። ለቤዝ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ለዚህ ልዩነት መክፈል ያዋጣል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ዋናው ሥራ ማይኩ ከመሰካቱ በፊት ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህን ነው።

በመጀመሪያ የሰብዉፈሩ ቦታ። ሰብዉፈር ቦታ የተረፈበት ጥግ የሚወሸቅ ዕቃ አይደለም። ጥሩ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን አንስታችሁ እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አድርጉት። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በግድግዳው ሥር፣ ሰብዉፈሩ ሊቀመጥ በሚችልባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ተንበርክካችሁ አዳምጡ። የቤዝ ጊታሩ እያንዳንዱ ምት እኩል ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ አለ። ሰብዉፈሩን እዚያ አስቀምጡት። ልጆች ካዩ ይስቃሉ፤ ግን ይሠራል። ከስፒከሩ ወደ ጆሮ ያለው መንገድ ቢገለበጥም ለክፍሉ ያው ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ከሰብዉፈሩ ጀርባ ያሉት ማዞሪያዎች። ክሮስኦቨር (ድምፁ የሚቆረጥበት መስመር) የሚለው እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ወይም ኤልኤፍኢ (የፊልም ወፍራም ድምፅ ቻናል) የሚል ቦታ ካለው እዚያ ላይ ይደረግ። ይህን ሥራ ሪሲቨሩ ስለሚሠራው ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ ነው። ፌዝ (የሞገዱን አነሳስ የሚያስተካክለው) ዜሮ ላይ ይሁን። ድምፁ ግማሽ አካባቢ ይሁን። ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያ ካለው ለጊዜው ሁልጊዜ የበራ አድርጉት።

ከዚያ ጸጥታ። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉት። ማራገቢያ ካለ አጥፉ። የማለዳ ሰዓት ለዚህ ይመቻል፤ ታክሲም ሆነ የጎረቤት ቴሌቪዥን አይረብሽም።

ማይኩ ከሪሲቨሩ ጋር የመጣው ይሁን። እያንዳንዱ ማይክ ለሚሠራበት ሪሲቨር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የሌላ ዕቃ ማይክ ብትሰኩ ልኬቱ ይሳሳታል። የዴኖኑ ማይክ ጥቁር፣ ቁመቱ ጣት የሚያህል፣ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ የሚቀጥን ትንሽ ግንብ ይመስላል። አፉ ወደ ኮርኒስ ነው የሚያየው። ከሥሩ የካሜራ ትራይፖድ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። እኔ መጀመሪያ ላይ ትራይፖድ ስላልነበረኝ የሶፋው መደገፊያ ላይ አስቀመጥኩት። ውጤቱ ደስ አይልም ነበር። የተዋንያኑ ንግግር ሸካራ ሆነ፣ ጆሮ ይቧጥጥ ነበር። ማይኩ ከመደገፊያው የሚመለሰውን ድምፅ እንደ ስፒከሩ ጥፋት ቆጥሮት ነው። ርካሽ ትራይፖድ ገዝቼ፣ በአየር ላይ አቁሜ ስደግመው ንግግሩ ለሰለሰ። በእጅ መያዝም አይሆንም።

ቁመቱ የእናንተ ጆሮ ቁመት ነው። ሶፋ ላይና መጅሊስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጆሮው አንድ ቦታ አይደለም። ቁጭ በሉና በሜትር አስለኩት። የመጀመሪያው ቦታ ትክክል ዋናው መቀመጫ፣ የጭንቅላታችሁ መሃል መሆን አለበት። ሪሲቨሩ የስፒከሮቹን ርቀትና መጠን የሚወስነው ከዚህ ነው። የቀሩት ቦታዎች በዚያው ዙሪያ፣ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢሆኑ ይሻላል። ለሁሉም እንግዳ ይድረስ ብላችሁ ክፍሉን ዳር እስከ ዳር ብትለኩ ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ሲለካ ደግሞ እናንተ በማይኩና በስፒከሩ መሃል አትቁሙ።

ሪሲቨሩ ልኬቱን ሲጨርስ ውጤቱን ያሳያችኋል። ደስ ብሏችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት አራት ነገር እዩ።

የሰብዉፈሩ ርቀት ከእውነተኛው በልጦ ሊገኝ ይችላል። ሜትር ዘርግታችሁ 3 ሜትር የሆነው 4 ሜትር ተኩል ሊል ይችላል። ስህተት አይደለም፤ አትንኩት። ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል። ሪሲቨሩ የለካው ያንን መዘግየት ጭምር ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ስለሚፈጅበት መዘግየቱን በሜትር ተርጉሞ ነው የጻፈው።

የሰብዉፈሩ መጠን -12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ካለ ግን ችግር አለ። -12 የመጨረሻው ወለል ነው። ከዚያ በታች መውረድ ፈልጎ አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። ከሰብዉፈሩ ጀርባ ድምፁን ቀንሱና ድገሙት።

ሦስተኛው፣ ሪሲቨሩ የፊት ስፒከሮቻችሁን «ላርጅ» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ወደ «ስሞል» ቀይሩት። እዚህ ላይ ትልቅና ትንሽ የሚባለው የስፒከሩ ቁመት አይደለም። ስሞል ማለት «ወፍራሙን ድምፅ ለሰብዉፈሩ ስጥ» ማለት ብቻ ነው። የሰው ልክ የሚያህል ስፒከርም ቢሆን ቢያርፍ ይሻለዋል።

አራተኛው ክሮስኦቨር ነው። ድምፁ ከስፒከር ወደ ሰብዉፈር የሚተላለፍበት መስመር ማለት ነው። የተለመደው 80 ሄርዝ ነው። ሪሲቨሩ 40 ወይም 60 ካለ ወደ 80 ከፍ ማድረግ ይቻላል። 110 ካለ ግን ወደ 80 አታውርዱት። ስፒከሩ ከ110 በታች እንደደከመ ለክቶ ነው። ከዚያ በታች ማስተካከያም አልሠራለትም።

አሁን ፊልም ትከፍታላችሁ። ቤዙ የቀነሰ ይመስላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። የጠፋው ግን ክፍሉ የጨመረው ጉርምርምታ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ጆሯችሁን አስለምዱት። ከበሮው ሲመታና ሲቆም ለየብቻ መስማት ትጀምራላችሁ። አሁንም ካነሰባችሁ ሰብዉፈሩን ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ጨምሩለት፤ ነውር የለውም።

ቤዙ የሚያንስበት ሌላ ምክንያትም አለ። የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀነስ ወፍራሙን አስቀድሞ ይረሳል። ይህን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ኦዲሲ ለዚህ ዳይናሚክ ኢኪው የሚባል ነገር አለው። ቮልዩሙ በወረደ ቁጥር ቤዙን በዚያው ልክ ያነሳዋል። መነሻው ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ያለው የሲኒማ ቤት ድምፅ ነው፤ ከአንድ ስፒከር ከፍተኛው 105 ዴሲቤል፣ ከሰብዉፈሩ 115 ዴሲቤል። ቤት ውስጥ እንዲህ የሚከፍት የለም፤ ልጅ ተኝቶ ፊልም ለሚያይ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሙዚቃ ላይ ግን ሊበዛ ይችላል። ያን ጊዜ «ሬፈረንስ ሌቭል ኦፍሴት» የሚለውን ወደ 10 ወይም 15 አድርጉት።

ማሽኑ የማይችለውም አለ። የጎላውን ቤዝ መቀነስ ይችላል። የሞተውን ግን ማስነሳት አይችልም። ሁለት ሞገዶች ተገናኝተው የሚጠፋፉበት ቦታ ላይ ከተቀመጣችሁ የጨመራችሁት ሁሉ እኩል ይጠፋፋል። አንድን ድምፅ በ10 ዴሲቤል ለማንሳት ደግሞ አምፕሊፋየሩ 10 እጥፍ ኃይል ማውጣት አለበት። መፍትሔው ሶፋውን ግማሽ ሜትር መሳብ ነው። ወይም ሁለተኛ ሰብዉፈር። ሃርማን የተባለው የድምፅ ዕቃ ኩባንያ ተመራማሪ ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት ሁለት ሰብዉፈር በተቃራኒ ግድግዳዎች መሃል ለመሃል ሲቀመጥ የአራት ያህል ለመሥራት እንደሚቀርብ አሳይቷል። ሁለት ትንንሽ ከአንድ ግዙፍ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

ከ200 ወይም 300 ሄርዝ በላይ ስንወጣ የክፍሉ ጉልበት ይቀንሳል፤ የስፒከሩ ጥራት ይገናል። ስፒከራችሁ ጥሩ ከሆነ ማስተካከያው እዚያ ላይ ባይነካካው ይመረጣል። የኦዲሲን የስልክ አፕ የገዛ ሰው ማስተካከያው የሚቆምበትን መስመር መወሰን ይችላል። እኔ 500 ሄርዝ ላይ አቁሜዋለሁ።

ሶፋው ከተነሳ፣ ትልቅ ምንጣፍ ከገባ ወይም ሰብዉፈሩ ቦታ ከቀየረ ልኬቱ ይደገማል። የመጋረጃ ቀለም ስለተቀየረ አይደገምም።

የቡፌው ብርጭቆ ግን ማይኩን አይሰማም። ለእሱ ያንኑ የስልክ አፕ ከፍታችሁ ከ20 እስከ 80 ሄርዝ ቀስ እያላችሁ ውጡ። የሚንጫጫበት ቁጥር ላይ ስትደርሱ ቁሙና በእጃችሁ ዳብሱ። እኔ ቤት 43 አካባቢ ሲኒዎቹ ነበሩ፤ 60 ላይ ደግሞ የመስታወቱ በር። ከሲኒዎቹ ሥር ጨርቅ አነጠፍኩ። ለበሩ ሁለት ትንንሽ የጎማ ቁራጭ ለጠፍኩለት።